ሐምሌ ሲመጣ ልጆቹን ማን ይይዛል?

ጊዜው ግንቦት ነው፤ ቦታው ሮቤ። ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የወንድም ልጅ ናቸው። እሳቸው ጎባ ለረጅም ዘመን አስተምረው፣ ኋላም ርዕሰ መምህር ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው። እሷ ሮቤ ባለ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ባሏ ጎባ እየተመላለሰ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ነው። የ9፣ የ6 እና የ3 ዓመት ልጆች አሏቸው። ስማቸውን ትቼ በሥራቸው እጠራቸዋለሁ፤ እንዲህ ያለው ወሬ በየቤቱ ስላለ ስም ብዙም አይጨምርለትም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ጋሼ፣ ሰኔ 30 ሲባል እርስዎ ምን ትዝ ይልዎታል?

ርዕሰ መምህሩ፦ ካርድ መስጫ ነዋ! ያለፈው እየዘለለ በዋናው በር ይወጣል፤ የወደቀው አጥር ጥጉን ይዞ ይሄዳል። እኛም እፎይ እንላለን።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ለኔ ሒሳብ መዝጊያ ነው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። ያልተወራረደ ሰነድ፣ የንብረት ቆጠራ፣ የኦዲተር ጥያቄ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይወድቃል። ጎረቤቴ ገቢዎች ነው የምትሠራው፤ ሐምሌ የግብር ወር ስለሆነ ቅዳሜ እንኳ ቤት አትውልም። ከኛ ማዶ የሚኖረው የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መምህር ደግሞ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ሐምሌ ሲመጣ ለፈታኝነት ሻንጣውን ይዞ ሌላ ከተማ ይወርዳል። ልጆቻችን ቤት የሚገቡት ልክ በዚያ ሳምንት ነው።

ርዕሰ መምህሩ፦ እንግዲያ የዓመት ፈቃድሽን ለዚያ ማዋል ነዋ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ አስልቼዋለሁ ጋሼ፤ እንጀራዬ እሱ አይደል። ትምህርት ቤቱ ሐምሌ 1 ተዘግቶ መስከረም 5 አካባቢ ቢከፈት ጳጉሜን ጨምሮ 70 ቀን ነው። ቅዳሜና እሁድ ሲወጣለት 50 የሥራ ቀን ይቀራል። እኔ የተቀጠርኩት በአዋጅ 1064/2010 ነበር፤ እሱ 20 የሥራ ቀን ፈቃድ ሰጥቶ በየዓመቱ አንድ አንድ ቀን እየጨመረ 30 ላይ ይቆም ነበር። በግል ድርጅት የሚሠራውማ የባሰ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ከ16 የሥራ ቀን ይጀምርና በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምርለታል። እኔና ባለቤቴ ተፈራርቀን ብንወስድ 50ውን ቀን መሸፈን አያቅተንም። ነገር ግን አንድም ቀን አብረን አናርፍም፤ ልጅ ሲታመም፣ ለቅሶ ሲመጣ የምንወስደውም ቀን አይተርፈንም። ደግሞስ ሐምሌ ላይ ለሒሳብ ሠራተኛ ፈቃድ የሚፈርም ማን አለቃ ነው?

ርዕሰ መምህሩ፦ እኛ እናንተን ስናሳድግ ይህ ሁሉ ስሌት አልነበረም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅ አጋርፋ አያቱ ዘንድ ይሄዳል። ወተቱን ጠጥቶ፣ ጩኮውን በልቶ፣ ጥጃ ጠብቆ፣ ጉንጩ ሞልቶ ይመለሳል። ክረምት ትምህርት የሚዘጋውም ለዚሁ ነው፤ ልጅ ገበሬ ወላጁን ያግዝ፣ ጎርፍና ጭቃም መንገድ ላይ አያስቀረው ተብሎ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ለሸዋና ለጎጃም ገበሬ ልክ ነው፤ ክረምት ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል። ይህ አገር ግን ባሌ ነው። ባለፈው ለልጆቹ አያት፣ ለአኮ፣ ደውዬ «ሐምሌ ልጆቹን ላምጣልሽ ወይ?» ብላት፣ «ጋናው ሲታጨድ ማን ያይልሻል?» አለችኝ።

ርዕሰ መምህሩ፦ እሱስ እውነቷን ነው። ጋና በመጋቢቱ ዝናብ ተዘርቶ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይሰበሰባል። በነዚያው ሳምንታት ደግሞ የሁለተኛው ወቅት፣ የቦናው፣ ዘር መሬት መግባት አለበት። ሲናናም፣ አጋርፋም፣ ጋሠራም ማጨድና መዝራቱ ተደራርቦ ነው የሚመጣው። ዝናቡ ለአንድ ቀን ጋብ ካለ ኮምባይነር የሚጠብቅ ገበሬ እንቅልፍ የለውም። አኮሽም እንኳን የልጅ ልጅ ልትጠብቅ ምሳ የምትበላበት ሰዓት አይኖራትም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ አዩ! ከተማውም ገጠሩም የሚያጣድፈው አንድ ጊዜ ነው፤ ልጆቹ የሚለቀቁትም ያኔ ነው።

ርዕሰ መምህሩ፦ ሌላም አለ፤ ይሄንን አንቺ አታውቂውም። የቦናው አጨዳ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ይሄዳል፤ ያኔ ትምህርት ክፍት ነው። ርዕሰ መምህር በነበርኩበት ዘመን ታኅሣሥ ላይ የስም መጥሪያውን ስገልጥ ከገጠር የሚመጡት ልጆች ስም ፊት ለፊት «ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ» ነበር። ኮምባይነር ነዶ መሸከሙን አስቀርቶ ይሆናል፤ የማዳበሪያውን ከረጢት አፍ ከፍቶ የሚይዝ ልጅ፣ የተራገፈውን እህል ከወፍና ከዶሮ የሚጠብቅ ልጅ፣ ከብቱን ወደ ቃርሚያው የሚነዳ ልጅ ግን ዛሬም ይፈለጋል። እነዚያ ልጆች በገና ሰሞን ይመለሱና የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ላይ ይደርሳሉ። ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚያ ላይ ነበር። ሰነፎች ናቸው ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ተብሎም ተጽፏል።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እና ካላንደሩን መቀየር ነው የሚሉት?

ርዕሰ መምህሩ፦ ካላንደሩን የሚያወጣው የክልል ትምህርት ቢሮ ነው፤ በሕግ የተከለከለ ነገር አይመስለኝም። ለአርብቶ አደር ልጆች በተከፈቱት የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች ሰዓቱም ወቅቱም ከኑሯቸው ጋር እንዲሄድ ተደርጎ ሲሠራ ኖሯል። ፈረንሳዮች አገራቸውን በሦስት ከፍለው የክረምታቸውንና የጸደያቸውን አጭር እረፍት በየተራ ይሰጣሉ፤ አገሩ በሙሉ ባንድ ቀን አይዘጋም። የባሌ ደጋ በታኅሣሥ ሁለት ሳምንት ዘግቶ ሐምሌ ላይ ሁለት ሳምንት ቢያስተምር ምን ይጎድላል?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ለገበሬው ልጅ ጥሩ ነው። ለኔ ግን በየትኛውም ወር ቢዘጋ 50 ቀን 50 ቀን ነው።

(እዚህ ላይ ርዕሰ መምህሩ ዝም አሉ። ክርክሩ በሁለት ዓይነት ወላጅ መካከል እንደሆነ የገባቸው ያኔ ይመስለኛል። ሮቤ የገበያና የዞን ከተማ ብቻ በነበረችበት ጊዜ ደሞዝተኛውም ቢሆን ሁለት ሰዓት በእግር ወይም በጋሪ ሄዶ የሚያገኘው እናት አባት ነበረው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከወለጋ፣ ከወሎ፣ ከሲዳማ የመጣው ሠራተኛ በዝቷል። የእሱ ልጆች አያት በስልክ ነው ያለችው።)

ርዕሰ መምህሩ፦ ታዲያ ሰዉ ምን ያደርጋል?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ በር ቆልፎ ይሄዳል፤ ምንም ይበሉኝ፣ ውሸት አይደለም። አንዲት ባልደረባ አለችኝ፤ የ8 ዓመቷን ልጅ የ4 ዓመቱን አስጠብቃ ነው የምትወጣው። እንጀራው በወጥ ተጠቅልሎ ሰሃን ተደፍቶበታል። ሻዩ በፔርሙስ ነው፤ ምድጃ እንዳይነኩ። ከሰሉን ማዳበሪያ ውስጥ አስራ ቁምሳጥን ላይ ሰቅላዋለች፤ ክብሪቱን በቦርሳዋ ይዛ ትሄዳለች። ቁልፉ ጥግ ካለው ሱቅ ነው። አሮጌ ስልክ ትታላቸው 4 ሰዓት ላይና 7 ሰዓት ላይ ትደውላለች። አንድ ቀን ሳይነሳ ሲቀር እኔን «ካሽ ያዥልኝ» ብላ በባጃጅ በረረች። ልጆቹ ብርድ ልብስ ውስጥ ተኝተው ኖሯል።

ርዕሰ መምህሩ፦ ይሄ ብርድ ያለበት አገር ነው። ጎባ 2,700 ሜትር ላይ ነው፤ ነሐሴ ላይ ጉሙ እስከ እኩለ ቀን አይነሳም። የበረደው ልጅ ከሰል አቀጣጥሎ በር ዘግቶ ቢቀመጥ ጢሱ ምን እንደሚያደርግ ባልሽ ይነግርሻል። የተፈታው ደግሞ ቶጎና ወንዝ ይወርዳል፤ በክረምት ሲሞላ አዋቂም አያስጠጋ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ለዚህ ነው ብዙው ወላጅ በቤት ሠራተኛ የሚያልፈው። እውነቱን ለመናገር ይህንን ከተማ የያዘችው እሷ ናት።

(የቤቱ ሠራተኛ የሆነችው ልጅ ቡናውን ይዛ ገባች። 17 ዓመቷ ነው፤ ከጎሮ ወረዳ መጥታ ቀን ቤት ትይዛለች፣ ማታ 7ኛ ክፍል ትማራለች።)

ርዕሰ መምህሩ፦ ነይ እስቲ ልጄ፣ አንቺስ ክረምቱን እዚህ ነሽ?

ልጅቷ፦ አይ አባባ፣ አገሬ ነኝ። ማታውም ይዘጋል። እናቴ ብቻዋን ናት፣ ለአጨዳው ድረሺልኝ ብላለች። ለእትዬም ከኢድ በፊት ነግሬያቸዋለሁ።

ርዕሰ መምህሩ፦ ስንት ጊዜ ትቆያለሽ?

ልጅቷ፦ አንድ ወር ካገኘሁ ጥሩ ነው። ከተከለከልኩ ግን ሄጄ እቀራለሁ።

(ስኒውን አስቀምጣ ወጣች።)

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ነግራኛለች፣ አልካድኩም። ፍርሃቴ ሌላ ነው። ሐምሌ ሄዳ መስከረም ላይ «ዐረብ አገር ገባች» ሲባል ስንቷን አይቻለሁ። ደላላው ደግሞ ሐምሌ ላይ ዋጋውን ይሰቅላል፤ ሁሉም ቤት የሚፈልገው ያኔ እንደሆነ ያውቃል።

ርዕሰ መምህሩ፦ ቅድም ስለ 16 ቀንና 20 ቀን ስታሰሊ የሷን አልቆጠርሽም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ከየት አምጥቼ ልቁጠር? 1156 ሰው ቤት ተቀጥሮ የሚሠራውን አይመለከትም፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለብቻው ደንብ ያወጣል ብሎ ነው ያለፈው። ያላት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እሱን ከፍቶ የሚያነብላት የለም።

ርዕሰ መምህሩ፦ ያላሰብሽበት አይመስለኝም። ይህችን ልጅ ማታ ትምህርት ቤት ያስገባሻት አንቺ ነሽ፤ ለዚህ አመሰግንሻለሁ። ይሁን እንጂ በባሌ ደጋ ደሞዝተኛ ቤት ሁሉ የሦስት ልጆች ክረምት በአንዲት 7ኛ ክፍል ተማሪ ጫንቃ ላይ መሆኑ ልክ አይደለም። በሷ ዕድሜ ያለ ልጅ ለመንከባከብ ሳይሆን ለመማር ነው ከቤቱ የሚወጣው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ መንግሥትስ? የተቀጠርኩበት አዋጅ፣ 1064፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁሉ ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁም ያዝዝ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ያቋቋሙ አሉ፤ ሄጄ አይቻለሁ፣ አልጋው፣ መጫወቻው፣ ሞግዚቷ፣ ሁሉም አለ። እዚህ ቅርንጫፍ ላይ ግን እንኳን ማቆያ የሰነድ ማስቀመጫ ክፍልም ጠቦናል። ደግሞ ቢኖርስ? የ3 ዓመቷን እሺ። የ9 ዓመቱ አልጋ ላይ ይተኛ?

ርዕሰ መምህሩ፦ ለትልቁ ማን ያስባል። ለሕፃኑ ማቆያ፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላለው መዋዕለ ሕፃናትና ዜሮ ክፍል እየተባለ ነው። ከ7 እስከ 14 ያለው ክረምት ላይ ከማንም ዕቅድ ውጭ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ስቶክሆልም ያለችው የአክስቴ ልጅ ስትነግረኝ ተረት ይመስለኝ ነበር። ስዊድን ውስጥ ወላጁ የሚሠራ ወይም የሚማር ከሆነ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭም በእረፍትም ልጁ የሚውልበትን ቦታ ማዘጋጃ ቤቱ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ወላጁም በአቅሙ ይከፍላል። እኔን የገረመኝ ቤቱ አይደለም፣ አጠያየቃቸው ነው። የበጋው እረፍት ገና ወራት ሲቀሩት «የትኛውን ሳምንት ትፈልጊያለሽ?» ብለው ይጠይቋታል፤ በመልሱ ቁጥር ልክ ጥቂቱን ከፍተው ሌላውን ይዘጋሉ። እኛን ማንም ጠይቆን አያውቅም።

ርዕሰ መምህሩ፦ ስዊድን ገንዘብ አላት። እኛ ያለንን እንቁጠር። አንደኛ፣ ክረምት በራቸውን የማይዘጉ ሁለት ቤቶች አሉ፤ ቁርአን ቤቱና የቄስ ትምህርት ቤቱ። ሮቤም ጎባም ሰፈሩ ሁሉ አጠገቡ አንዱ አለው። ጠዋቱን እነሱ ይይዙልሻል፤ ዛሬም እየያዙ ነው፣ ምስጋናው ቀረባቸው እንጂ። ሁለተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ለክረምት ወደ ቤቱ ይመጣል። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ተብሎ ይመዘገባል፣ ችግኝ ይተክላል፣ የአቅመ ደካማ ቤት ያድሳል፣ አንዳንዱ ማጠናከሪያ ያስተምራል። ሦስተኛው ደግሞ እኔን ሁልጊዜ የሚያናድደኝ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ምን?

ርዕሰ መምህሩ፦ ባዶ ትምህርት ቤት። ጥበቃው ደሞዙን እየተቀበለ ሁለት ወር ሙሉ ሳር ያበቀለ ግቢ ይጠብቃል። ክፍል አለ፣ ዴስክ አለ፣ ሽንት ቤት አለ፣ አጥር አለ። ከአጥሩ ውጭ ያሉት ልጆች ደግሞ ቤት ተቆልፎባቸዋል። አራት ክፍል ብትከፍች መቶ ልጅ ከዝናብ ታስገቢያለሽ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ አንድ ነገር ቢሰበር፣ አንድ ልጅ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? ምሳውስ? በጎ ፈቃደኛውም ጥሩ ነው፤ ግን ሦስት ቀን መጥቶ አራተኛው ቀን ዝናብ ሲጥል ይቀራል። እኔ በሱ ተማምኜ ቢሮ መግባት አልችልም።

ርዕሰ መምህሩ፦ ለዚህ ነው በጎ ፈቃደኛው ረዳት እንጂ ኃላፊ አይሁን የምለው። ኃላፊ መምህር ይሁን፤ ክረምት ለዲግሪው ትምህርት ያልሄደ መምህር አይጠፋም። ወላጁ ይክፈለው። ለደላላና ለሠራተኛ ከምታወጪው አይበልጥም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ምሳውን ከቤት ቋጥረን እንሰዳለን። ሌላው እኔ ያሰብኩት ነው። አራት ቤት ብንሆን፣ ስምንት ወላጅ ነን። እያንዳንዱ ከዓመት ፈቃዱ ስድስት ቀን ቢሰጥና ተራ ብንገባ 48 ቀን ነው፤ ከ50ው ሁለት ይቀራል። ግቢው ባይከፈት እንኳ አንድ ወላጅ አንድ ሳሎን ውስጥ የአራቱን ቤት ልጆች ይዞ ይውላል። ለዚህ ግን ፈቃዱ በመሥሪያ ቤቱ የፈቃድ ፕሮግራም ላይ አስቀድሞ መግባት አለበት፤ ሰኔ 28 ላይ ሄዶ «ልጆቼ ተዘጉብኝ» ማለት ዋጋ የለውም።

ርዕሰ መምህሩ፦ ስምንት ወላጅ አልሽ?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ስምንት። አራት እናት፣ አራት አባት።

ርዕሰ መምህሩ፦ አባቶቹ ፈቃዳቸውን ለሠርግና ለእርሻ ነው የሚወስዱት።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ አውቃለሁ። ባለቤቴ አምና ሁለት ሳምንት ወስዶ የአባቱን ጋና አሳጨደ። ምንም አላልኩም፤ አባቱ ናቸው። ዘንድሮ ግን ከሱ ላይ ስድስቱን ቀን እወስዳለሁ። የተረኛ ፕሮግራሙ የሚወጣው በየወሩ ነው፤ የአዳር ተረኛ የሆነ ሰው በማግስቱ ቀን እቤት ነው። እንቅልፉን ተኝቶ ከሰዓት ልጅ ማየት ይችላል። «እኔ አልችልበትም» ይላል፤ ጎባ ላይ የሰው ልጅ ሲያክም ይውል የለ እንዴ?

ርዕሰ መምህሩ፦ (እየሳቁ) ይሄንን እኔ ፊት አትንገሪው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እርስዎ ይነግሩልኛል። ደግሞ እርስዎም ተራ አለዎት። በየሳምንቱ ማክሰኞ ልጆቹን ይዘው ዲንሾ ይወጣሉ።

ርዕሰ መምህሩ፦ በዚህ ጉልበቴ? በየሳምንቱስ አልችልም። አንድ ቀን ግን እወስዳቸዋለሁ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው፤ የደጋ አጋዘኑ ከግቢው አይርቅም። ዩኔስኮ መስከረም 2016 ላይ የዓለም ቅርስ አድርጎ የመዘገበውን ተራራ ሰው ከአውሮፓ መጥቶ ያየዋል፤ የሮቤ ልጅ በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ሄዶ ሳያየው 8ኛ ክፍል ይደርሳል። እሱንም በክረምቱ ፕሮግራም ላይ ጻፊው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ የማንን ነው መጀመሪያ የምጽፈው?

ርዕሰ መምህሩ፦ የልጅቷን። አንድ ወር፣ ከሐምሌ 10 እስከ ነሐሴ 10፣ ደሞዟ ሳይቆረጥ። እሷ ቀኗን ካወቀች አትጠፋብሽም፤ የምትጠፋው የምትለቀቅ ካልመሰላት ነው። ከዚያ የናንተን ስምንታችሁን። ከዚያ ለትምህርት ቤቱ ማመልከቻ። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ መቼ ነው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ ግንቦት መጨረሻ ይሉታል።

ርዕሰ መምህሩ፦ እዚያ ላይ ስንት ክፍል እንደምትፈልጉ፣ ስንት ልጅ እንዳላችሁ፣ ማን ኃላፊ እንደሚሆን፣ ለመምህሩ ስንት እንደምትከፍሉ ጻፉና አራታችሁም ፈርሙበት። እኔ ብሆን በቃል ለመጣ ወላጅ ክፍል አልከፍትም፤ ተፈርሞ ከመጣ ግን እምቢ ለማለት ምክንያት ማምጣት አለብኝ። ሰኔ ሳይገባ ይግባ። ሰኔ ከገባ መምህሩ ፈተና ላይ ነው፣ የሚያነበው የለም።